ቤቱ መዋዕለ ሕፃናት ሳይመስል ጨዋታ እንዲገባበት

ጥያቄው፦ «የ4 እና የ9 ዓመት ልጆች አሉን። ቤቱን ቀለም ልናስቀባ ነው። እግረ መንገዳችንን ለልጆቹም ለእኛም ፈገግ የሚያሰኝ ነገር ልንጨምርበት አስበናል። ባለቤቴ ግን ቤቱ መዋዕለ ሕፃናት ይመስላል፣ በዓመቱም ይሰለቸናል ብሎ ይሰጋል። ከየት እንጀምር? የቱ ይሁን፣ የቱስ ይቅርብን?»

ምላሽ፦

የባለቤትዎ ስጋት ተገቢ ነው። ለልጆች ደስ እንዲላቸው ተብሎ ብዙ ጊዜ የሚደረገው ግድግዳ ላይ ሥዕል መለጠፍ ነው፤ ቀጭኔ፣ ቀስተ ደመና፣ የካርቱን ገጸ ባሕርይ። ዓይን ግን ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ያለን ነገር ቶሎ ይለምዳል። ጥቂት ሳምንታት ካለፉ በኋላ ሥዕሉን የሚያየው እንግዳ ብቻ ነው። ዓመት ሲሞላ ደግሞ ልጁ ራሱ «ይህ የሕፃን ነው» ብሎ ያፍርበታል።

ሳይሰለች የሚቆየው እጅና እግር የሚሠራበት ነገር ነው። አንድ ሐሳብ ሲመጣልዎ «ሰው እዚህ ቦታ ቆሞ ምን ያደርጋል?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ «ያያል» ብቻ ከሆነ ይተዉት። «ይጽፋል፣ ይከፍታል፣ ይለካል፣ ይወዛወዛል» ከሆነ ይቀጥሉ። ቦታውን ደግሞ ቤተሰቡ በየቀኑ ከሚያልፍበት ይምረጡ፤ ጫማ የሚወልቅበት ጥግ፣ ኮሪደር፣ ደረጃ፣ እጅ መታጠቢያ። የልጆች መኝታ ቤት መጨረሻ ላይ ይምጣ፤ እዚያ የሚፈለገው እንቅልፍ ነው።

ምንም ከመግዛትዎ በፊት ተንበርክከው ቤቱን አንድ ጊዜ ይዙሩት። የ4 ዓመት ልጅ ቁመቱ ወደ 1 ሜትር፣ ዓይኑ ወደ 90 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ሥዕል ሲሰቀል መሃሉ ብዙውን ጊዜ 150 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ስለሚሆን ልጁ የሚያየው የፍሬሙን ታችኛ ጠርዝ ነው። ከ60 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ያለው ከፍታ ግን አዋቂ የማያስተውለው፣ ልጅ ራሱ የሚያገኘው ቦታ ነው። ከዞኮሎው (ከግድግዳው ሥር ወለሉን ተከትሎ ከሚሄደው ጠርዝ) በላይ የተሰካች 10 ሳንቲ ሜትር የምታህል የመጫወቻ የእንጨት በር፣ ወይም የቁም ሳጥን ውስጠኛ ጎን ብቻውን ደማቅ ቢጫ ሲቀባ፣ የሳሎኑን መልክ ምንም አይነካውም። ለአንድ ክፍል አንድ ነገር ይበቃል። ዙሪያው ጸጥ ያለ አንድ ዓይነት ቀለም ይሁን፤ አምስት አስቂኝ ነገሮች እርስ በርስ ሲሻሙ አንዱም አያስቅም።

ከሁሉ አስቀድሜ የምመክረው ጫማ ማውለቂያው አጠገብ የሚቆም አሳሳች መስታወት ነው፤ ለ4 ዓመቱም ለ9 ዓመቱም ለአባትየውም እኩል ይሠራል። የሚሠራው ከእውነተኛ መስታወት ሳይሆን 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው የአክሪሊክ መስታወት፣ ማለትም ከሚያንጸባርቅ ጠንካራ ፕላስቲክ ነው፤ በቀላሉ አይሰበርም፣ በእጅም ይታጠፋል። ወደ ውጭ ያበጠ መስታወት ምስልን በታጠፈበት አቅጣጫ ያጠባል። ስለዚህ ግራና ቀኙ ወደ ኋላ ከታጠፈ ሰውን ቀጭን፣ ላይና ታቹ ከታጠፈ ደግሞ አጭር ያደርገዋል። ሁለቱን ጎን ለጎን ማድረግ በጣም ጥሩ ነው።

ለቀጭኑ፣ 60 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 120 ሳንቲ ሜትር ቁመት እንበል። ከ18 ሚሊ ሜትር ፕላይውድ አክሪሊኩን ከኋላ የሚደግፉ አራት ቅስት እንጨቶች ይቆረጣሉ፤ የፊታቸው ቅስት 80 ሳንቲ ሜትር ራዲየስ ካለው ክብ ላይ የተወሰደ ይሁን። በዚህ ልክ መሃሉ ከጫፎቹ ወደ 6 ሳንቲ ሜትር ያብጣል። ከዚህ በላይ ማጠፍ ይቻላል ብለው አይፈተኑ። 2 ሚሊ ሜትር አክሪሊክ ሳይሞቅ ከ70 ሳንቲ ሜትር ባነሰ ራዲየስ ሲታጠፍ መጀመሪያ ምንም አይታይበትም፤ ከወራት በኋላ ግን ጠርዙ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች ይወጡበታል። ቅስት ከቀጥታ መስመር ስለሚረዝም ለ60 ሳንቲ ሜትር ፍሬም የሚገዛው አክሪሊክ ስፋቱ 61.5 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ብዙ ሰው በልኩ አስቆርጦ ዳርና ዳሩ ክፍት ሆኖ ይቀርበታል። ቢቻል ጨርሶ ብሎን አይጠቀሙ፤ ግራና ቀኙን በእንጨት ክፈፍ ይያዙት። ብሎን የግድ ከሆነ ቀዳዳው ከብሎኑ በ2 ሚሊ ሜትር ይስፋ፣ ጭራሽ አይጥበቅ። አክሪሊክ በሙቀት ይለጠጣል፤ መፈናፈኛ ካጣ ከቀዳዳው ጀምሮ ይሰነጠቃል። መከላከያ ፕላስቲኩን መጨረሻ ላይ ብቻ ይላጡት፤ ሲያጸዱም አልኮልና የመስኮት ማጽጃ አይንካው፣ ለስላሳ ጨርቅና የሳሙና ውሃ ይበቃዋል።

ሁለተኛው የመጻፊያ ግድግዳ ነው። ይህን ሁሉም ሰው ያውቀዋል፤ በደንብ የሚሠራው ግን ጥቂት ነው። 1 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ ቦታ ለሁለት ልጆች ይበቃል። ከዞኮሎው ጫፍ ይጀምርና ለትንሹ 120 ሳንቲ ሜትር ድረስ ይድረስ፤ ክንዱ ከዚያ በላይ አይደርስም። ግድግዳው ላይ የእጅ ባትሪ በጎን አስጠግተው ሲያበሩ ጉብታና ጉድጓዱ ሁሉ ጥላ ያወጣል፤ እነዚያን በስቱኮ ይሙሉ፣ ሲደርቅ በ120 ቁጥር ከዚያም በ220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱ፣ አቧራውን ይጥረጉ፣ ፕራይመር ይቀቡ። የሰሌዳ ቀለሙን በአጭር ፀጉር ሮለር ስስ አድርገው ሦስት ጊዜ ይቀቡ፤ አንዱን ወደ ላይና ታች፣ ቀጣዩን ወደ ግራና ቀኝ። በየመሃሉ ጣሳው ላይ የተጻፈውን ያህል ይጠብቁ። አንድ ጊዜ ወፍራም አድርጎ መቀባት ሥራውን አያፈጥነውም፤ ላዩ ደርቆ ውስጡ ለስላሳ ይቀርና ጠመኔው ይቦረቡረዋል።

ቀለሙ ከደረቀ በኋላ ሦስት ቀን ምንም አይጻፍበት። ከዚያ ጠመኔውን በጎኑ አጋድመው ሰሌዳውን በሙሉ አንድ ጊዜ ከላይ ወደ ታች፣ አንድ ጊዜ ከግራ ወደ ቀኝ ነጭ እስኪሆን ያሹት፣ በደረቅ ጨርቅም ይጥረጉት። ይህ ከተዘለለ ልጁ በመጀመሪያው ቀን የሣላት ፀሐይ ለዘለዓለም እዚያው ትቀራለች። አዲስ የሰሌዳ ቀለም ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት፤ የመጀመሪያው መስመር ዱቄት እነሱ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ሁሉንም ቀዳዳ አስቀድመው በእኩል ከሞሏቸው የተለየ ዱካ አይኖርም።

«ግድግዳ ላይ ጻፉ ካልናቸው ሁሉም ግድግዳ ላይ ይጽፋሉ» የሚለው ፍርሃት በከፊል እውነት ነው፤ ፈውሱም ፍሬም ነው። 4 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የእንጨት ክፈፍ ዙሪያውን ሲሄድ ሰሌዳው የት እንደሚያልቅ ለትንሹም ልጅ ግልጽ ይሆንለታል። ከታች 5 ሳንቲ ሜትር የሚወጣ፣ ጠርዝ ያለው መደርደሪያ ይጨምሩ፤ ዱቄቱን ይይዛል፣ ጠመኔውም ወለል ላይ አይረገጥም። ጥቁር ቀለም በጠባብ ክፍል ብርሃን ይውጣል፤ ስለዚህ ከመስኮት ፊት ለፊት ያለውን ግድግዳ ይምረጡ፣ ወይም ጥቁር አረንጓዴ አለዚያም ጥቁር ሰማያዊ ያድርጉት። ከአልጋ አጠገብ አይሁን፤ የጠመኔ ብናኝ አየር ላይ ይንሳፈፋል።

ማግኔትም እንዲይዝ ከፈለጉ ማግኔት የሚስብ የሚባለውን ቀለም አልመክርም። ውስጡ ያለው የብረት ዱቄት ስለሆነ ሦስትና አራት ጊዜ ተቀብቶ እንኳ ከአንድ ቀጭን ወረቀት በላይ አይይዝም። 1 ሚሊ ሜትር ላሜራ ግድግዳው ላይ አስሮ በላዩ የሰሌዳ ቀለም መቀባት ይሻላል። 1 ካሬ ሜትሩ ወደ 8 ኪሎ ስለሚመዝን በማጣበቂያ ብቻ አይተማመኑ፤ በየ30 ሳንቲ ሜትሩ ብሎን ይግባበት፣ ስለታም ጠርዙ በክፈፉ ይሸፈን። ሲገዙ ማግኔት ይዘው ይሂዱ፤ አልሙኒየምና አብዛኛው የማይዝግ ብረት አይስብም። መጫወቻ ማግኔቶቹ ከ4 ሳንቲ ሜትር የሚበልጡ ይሁኑ። በጣም ኃይለኛ የሆኑትን ትናንሽ ክብ ማግኔቶች ግን ጨርሶ ቤት አያስገቡ። ልጅ ሁለቱን ከዋጠ አንጀት ውስጥ በግድግዳው ተሻግረው ይሳሳቡና ሥጋውን ይበሱታል።

የቁመት መለኪያው ትንሽ ሥራ ነው፤ ሆኖም ዕድሜ ልክ የሚቀመጥ ዕቃ ነው። ግድግዳው ላይ ሳይሆን ሳንቃ ላይ ይሥሩት፤ ቀለም ሲታደስ ወይም ቤት ሲቀየር አብሮ ይሄዳል። ስፋቱ 15፣ ርዝመቱ 160 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሳንቃ ከወለሉ 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይሰቀል፤ ቁጥሩም ከ40 ይጀምር። ስሕተቱ የሚመጣው ከዞኮሎው ነው። የልጁ ተረከዝ ዞኮሎው ላይ ሲያርፍ፣ ጀርባውና ጭንቅላቱ ወደ ግድግዳው ያዘነብላሉ፤ ስለዚህ የሳንቃው ውፍረት ከዞኮሎው ውፍረት ጋር እኩል ይሁን። ጭንቅላቱ ላይ መጽሐፍ ማሳረፍ የተለመደ ነው፤ መጽሐፍ ግን ያጋድላል፣ ስኳድራ (የማዕዘን መለኪያ) ይጠቀሙ። ሰው ከጠዋት ይልቅ ማታ ወደ 1 ሳንቲ ሜትር ያጥራል፤ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት ይለኩ፤ ያለዚያ «አጠርኩ» ብሎ የሚያለቅስ ልጅ ይኖርዎታል።

ዥዋዥዌ ላይ ረዘም ላድርግ፤ ቤት ውስጥ ከሚሠሩት ሁሉ ልጆች አጥብቀው የሚወዱት እሱ ነው፣ ሲሳሳትም የሚጎዳው እሱ ነው። ሰው የሚያስበው የቆመ ክብደትን ነው። ነገር ግን ገመዱ እስከ 60 ዲግሪ ተወንጭፎ ሲመለስ፣ ታች በሚደርስበት ቅጽበት ማንጠልጠያው የሚሸከመው የተቀማጩን ክብደት እጥፍ ነው። 90 ዲግሪ ከደረሰ ሦስት እጥፍ ይሆናል። አዋቂ መሞከሩ ደግሞ አይቀርም። 80 ኪሎ ሰው 240 ኪሎ ይሆናል ማለት ነው። አንዱ ማንጠልጠያ ቢለቅ ሌላው ብቻውን እንዲይዝ፣ ሁለቱም እያንዳንዳቸው ይህን የሚችሉ ይሁኑ፤ ላያቸው ላይ የመሥሪያ ጭነታቸው 250 ኪሎ ወይም ከዚያ በላይ ተብሎ የታተመባቸውን ይግዙ።

ቀጥሎ የሚነሳው የት ይታሰር የሚለው ነው። ኮርኒስ፣ ጂፕሰም ቦርድም ሆነ ሌላ፣ ምንም አይሸከምም፤ ጭነቱ ከላይ ያለው ሶሌታ (የአርማታው ጣሪያ) ወይም ቢም (ተሸካሚው አግዳሚ) ላይ መድረስ አለበት። ሙሉ አርማታ ከሆነ ኤም10 (10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው) የብረት መወጠሪያ ብሎን ይበቃል፤ ግን «ለተሰነጠቀ ኮንክሪት» ተብሎ የተፈቀደውን ዓይነት ይምረጡ። የሶሌታ የታችኛው ፊት ጭነት ሲያርፍበት የሚለጠጠው ገጽ ነው፤ እዚያ ለዓይን የማይታዩ ስንጥቆች ይከፈታሉ፣ ተራው ብሎን በዚያ ቀስ በቀስ ይላላል። ቀዳዳው በትራፓኖ ከተበሳ በኋላ አቧራው በብሩሽና በመንፊያ ሁለት ሦስት ጊዜ ይውጣ፤ አቧራ ውስጥ የተወጠረ ብሎን አርማታውን ሳይሆን ዱቄቱን ነው የያዘው። የፕላስቲክ ፊሸር ከላይ ለተንጠለጠለ ሰው በጭራሽ አይሆንም።

ሶሌታው መሃሉ ባዶ ብሎኬት ያለበት ከሆነ ብሎኬቱ ላይ ማሰር አይቻልም፤ በብሎኬቶቹ መካከል የሚያልፈውን ጠባብ የአርማታ ቢም መፈለግ ግድ ነው። በ6 ሚሊ ሜትር መብሻ ሲሞክሩ ትራፓኖው ከጥቂት ሳንቲ ሜትር በኋላ ድንገት ዘው ካለ ብሎኬት ነው፤ እኩል እየተቋቋመ ግራጫ ዱቄት ካወጣ ቢሙን አግኝተዋል። ሶሌታው የተወጠረ የብረት ኬብል ያለበት ሕንፃ ከሆነ ደግሞ መሐንዲስ ፕላኑን አይቶ ሳይፈቅድ አንዲት ቀዳዳም አትበሳ። የእንጨት ቢም ከሆነ ውፍረቱ ከ5 በ15 ሳንቲ ሜትር አይነስ፤ 10 ሚሊ ሜትር የእንጨት ብሎን በ7 ሚሊ ሜትር ተበስቶ ቢያንስ 8 ሳንቲ ሜትር ይግባበት፣ የቢሙን ወርድ መሃል ይዞ።

አንድ ነጠላ ቀለበት ያለው ብሎን አይጠቀሙ፤ በመወዛወዙ ቀስ እያለ ራሱን ይፈታል። በሁለት ወይም በአራት ብሎን የሚታሰር፣ መዞሪያው ላይ የናይሎን ማቀፊያ ያለው ማንጠልጠያ ይፈልጉ፤ ብረት በብረት ላይ ሲፈጭ ይንጫጫል፣ ይበላልም። 2 ሜትር ገመድ ካለዎት ከማንጠልጠያው ቀጥታ በታች ካለው ነጥብ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ከ2 ሜትር በላይ፣ የተዘረጋ እግር ምንም የማይነካበት ነጻ ቦታ፣ በጎን ደግሞ 75 ሳንቲ ሜትር ይተዉ። በዚያ ክልል የሚከፈት በር አይኑር። መቀመጫው ከወለሉ 40 ሳንቲ ሜትር ይሁን፣ ከሥሩም ፍራሽ ይግባ። ገመዱን በካራቢነር (በሚከፈትና በሚዘጋ የብረት መንጠቆ) ያያይዙት፤ እንግዳ ሲመጣ በአንድ ደቂቃ ወርዶ ጣሪያው ላይ ሁለት ትናንሽ ቀለበቶች ብቻ ይቀራሉ። ለባለቤትዎ ጥያቄ ይህ መልስ የሚሆን ይመስለኛል።

ደረጃ ካለዎት የየደረጃውን ቋሚ ፊት የተለያየ ቀለም መቀባት ርካሽና የሚያምር ነው፤ ከታች ሲታይ ቀስተ ደመና፣ ከላይ ሲታይ ባዶ ነው። መርገጫውን ግን አይንኩት። ቀለም ያንሸራትታል፤ ዥንጉርጉር መስመርም የደረጃውን ጠርዝ ከዓይን ይደብቃል፣ ሲወርዱ እግር ይስታል። ከደረጃው ሥር ያለው ባዶ ቦታ ወደ መደበቂያ ጎጆ ሊለወጥ ይችላል። በሩ 60 በ90 ሳንቲ ሜትር ይሁን፣ ወደ ውጭ ይከፈት፣ በማግኔት ብቻ ይያዝ፣ መቀርቀሪያ በየትኛውም ወገን አይኑረው፤ ለአየር ከላይና ከታች 3 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይተዉለት። መብራቱ 12 ቮልት ስትሪፕ ሆኖ ትራንስፎርመሩ ከውጭ ይቀመጥ። በባትሪ የሚሠራ ከመረጡ ክዳኑ በብሎን የሚዘጋውን ይግዙ። የሰዓት ዓይነት ክብ ባትሪ ከተዋጠ በ2 ሰዓት ውስጥ ጉሮሮን በከባድ ሁኔታ ያቃጥላል።

ጣሪያ ላይ የሚለጠፉ የሚያበሩ ኮከቦች ሁለት ዓይነት ናቸው። ዚንክ ሰልፋይድ ያለባቸው ልጁ ሳይተኛ ይጠፋሉ፤ ስትሮንቲየም አሉሚኔት ያለባቸው ለሰዓታት ይቆያሉ። ሁለቱም ብርሃን ጠጥተው ነው የሚያበሩት፣ በተለይ ሰማያዊውን ብርሃን። ቢጫማ አምፖል ባለበት ክፍል ደካማ ከሆኑ ጥፋቱ የኮከቦቹ ላይሆን ይችላል፤ ከመኝታ በፊት ነጭ አምፖል ለጥቂት ደቂቃ ያብሩ።

ደረጃ ላይ የሚዘረጋ ሸርተቴ ግን ይቅርብዎ። ለሸርተቴ 30 ዲግሪ አካባቢ ነው ተገቢው፤ የቤት ደረጃ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ይበልጥ ቀጥ ያለ ነው፣ ታች ሲደርሱም መብረጃ ወለል የለውም፣ ግድግዳ ነው የሚጠብቀው። ለጌጥ የሚንጠለጠል፣ አንገት የሚያስገባ የገመድ ቀለበትም ይቅር። በማንኛውም መሰላል፣ መረብ ወይም አጥር ላይ የሚተው ክፍተት ከ9 ሳንቲ ሜትር ያነሰ ወይም ከ23 ሳንቲ ሜትር የበለጠ ይሁን፤ በመካከሉ ያለው ልክ ሰውነት አሾልኮ ጭንቅላት የሚያስቀር ነው። ልጅ ሊንጠላጠልበት የሚችል መደርደሪያና ቁም ሳጥን ሁሉ ከግድግዳ ጋር ይታሰር።

ቀለም ልታስቀቡ ስለሆነ ቅደም ተከተሉ ይጠቅማችኋል። የዥዋዥዌው ቀዳዳ (ዘንድሮ የሚሠራ ከሆነ)፣ ላሜራውና የመብራት ሽቦው ከስቱኮው በፊት ይጠናቀቁ፤ ከዚያ ክፍሉ ይቀባ፣ የሰሌዳ ቀለሙ ቀጥሎ፣ ክፈፎቹና የቁመት ሳንቃው መጨረሻ። ቤቱ የቆየ ከሆነ የድሮው ቀለም ሊድ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ አይፈግፈግ፤ እየረጠበ ይለስልስ፣ ልጆቹም እስኪጸዳ ሌላ ቦታ ይቆዩ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትጨርሱት። ዘንድሮ መስታወቱና ሰሌዳው ከተሠሩ፣ የዥዋዥዌው ማንጠልጠያ ቦታ ተመርጦ ምልክት ይደረግበትና በኋላ ይምጣ። ከየቀለሙ ግማሽ ሊትር አስቀርታችሁ ክዳኑ ላይ የክፍሉን ስምና ቀኑን ጻፉበት፤ ዥዋዥዌው ሲሰቀል ትራፓኖው የሚያቆሽሸውን ቦታ የምትነኩት በዚያ ነው።